የታኮ መብራት

የተቃጠለ ፍሬን ሽታ የማያውቅ ሰው ጎማ የሚነድ ይመስለዋል። አይዶለም። የጎማ ጭስ ወፍራም ነው፤ የፍሬን ሽታ ግን ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ፀጉር የተቀላቀለበት ይመስላል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ስንዱ የጭነት ማኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ስትወስድ «አባዬ፣ ቤት ተቀምጠህ አላፊ አግዳሚውን ከምትጠረጥር አብረኸኝ ና፤ ወረፋው ላይ ታጫውተኛለህ» አለችኝና ጋቢዬን ደርቤ አጠገቧ ወጣሁ። ጊቢው ውስጥ ከፊታችን የነበረውን ማኪና ፍሬኑን እያስያዙ እያስለቀቁ ሲፈትኑት ያ ሽታ በመስኮት ገባ። ገብቶም አልወጣ አለ። እኔም ከተቀመጥሁበት ሳልነሳ ሊማሊሞ ወረድሁ።

ዘመኑ መቼ ነው ብትሉኝ ዓመተ ምሕረት አልቆጥርላችሁም፤ እሱን የሚቆጥሩ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኔ የማውቀው ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ደባርቅ ላይ አንድ ትሪ ሥጋ ወጥ ሦስት ሾፌር አጥግቦ ብር ከስሙኒ የሚከፈልበት፣ ከጭነት ላይ የሚሳፈር ገበሬ ብር ካጠረው ዶሮ ታቅፎ የሚመጣበት ጊዜ እንደነበር ነው። ያኔ ሾፌር ከሩቅ ይታወቃል። ካኪ ሱሪ፣ ባለአራት ኪስ ኮት፣ አንገት ላይ የሱፍ ሻርፕ፣ ለደባርቅ ብርድ ደግሞ ከሁሉም በላይ ካፖርት። የኔን ካፖርት የገዛሁት ወለቃ አጠገብ ካለችው ከተማችን አራዳ፣ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው። ሸጋ ካፖርት ነበር፤ ቤት ገብቼ ሳየው ግን አንዱ ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ አገኘሁት። ገንዘቡን ላወጣ ዞር ባልሁበት ሻጩ ቀይሮብኛል ብዬ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ስንዱ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች። «ለአንድ ቁልፍ ብሎ ማን መርፌና ክር ይዞ ይጠብቅሃል?» ትለኛለች። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ አልተወለድሁም። ድንጋይ የበዛበት ውሻ ሰው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ባለ ቁጥር ይሸሻል። የኔም ነገር እንደዚያ ነው፤ ሰው ሲጠረጥረኝ ኖሮ ጠርጣሪ አደረገኝ።

ያኔ ጧት ጧት የምንነሳው ከዚያችው ከተማችን ፒያሳ ነው፣ ጣሊያን ከሠራው ፎቅ ሥር። ጎሚስታው ገና ሳይነጋ ከፍቶ ጎማ ይነፋል። ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት ማጉያው የፍቅር ዘፈን ይለቃል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው ሸክላው ላይ ኽር ኽር ይላል፣ ባለሱቁም ቁርሱን ሳይጨርስ አይነሳለትም። እኛም በዚያ ኽርኽርታ ገመድ እንጠብቃለን፣ ሸራ እናለብሳለን። ዛሬ እዚያ ቦታ ስልክ ይሸጣል። ጎሚስታው ከነበረበት ጥግ የተተከለው ዛፍ አድጎ ፎቁን ሸፍኖታል። አንዳንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ያ ኽርኽርታ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ዞር ስል ግን መሬት የሚጎትት የሰው ጫማ ነው።

ሊማሊሞ ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገድ ነው። ያየው ያውቀዋል። ላላየው ደግሞ፣ ገመድ ከገደል አፋፍ ወርውራችሁ እንደወደቀ ተውት፤ መንገዱ እሱ ነው። የኛ ማኪናዎች ረጃጅሞች ስለነበሩ አንዳንዱን ኩርባ በአንድ ጊዜ አይዞሩትም። ሾፌሩ አፍንጫዋን እስከ ገደሉ ጫፍ ያስጠጋና ይቆማል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይወርዳል። ታኮ ከወይራ የተጠረበ ሽብልቅ እንጨት ነው፤ ማኪናዋ እንዳትንሸራተት ጎማ ሥር የሚገባ። ሾፌሩ ወደኋላ ይመልሳል፣ ረዳቱ «ና! ና! ና! በቃ!» ይላል፣ ታኮውን ይሸጉጣል፣ ሾፌሩ መሪውን ይጠመዝዝና እንደገና ወደፊት። የኔ ረዳት አያ አዳነ ይባል ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ድቁና ጀምሮ የተወ ሰው ነው። ታኮ ሲሸጉጥ እንኳን ዜማ ያንጎራጉራል። «ምነው አያ አዳነ፣ ገደል አፋፍ ላይ ትዘምራለህ?» ስለው «እዚህ ካልዘመርሁ የት ልዘምር? ከዚህ ወደ ሰማዩ ቅርብ ነው» ይለኛል።

ረዳቱ ጎማውን እንዲያይ ከማኪናው ኋላ፣ ከሳጥኑ ሥር፣ አንድ ነጭ መብራት እናስገጥማለን። ከፋብሪካ አብሮ አልመጣም። የኔን ማቀፊያ ብረት የቀጠቀጠልኝ ወለቃ የነበረ ቤተ እስራኤል ባለእጅ ነው፤ እሱም ቤተሰቡን ይዞ እስራኤል ከገባ ስንት ዘመኑ። ሽቦውን የዘረጋልኝ አንድ የአራዳ ኤሌትሪሺያን ነው። ሾፌሮች የታኮ መብራት እንለዋለን። ከዚህ መብራት አንድ ደንብ ወጣ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም፤ ግን ሊማሊሞ ላይ ከፖሊስ ይልቅ ይከበር ነበር። የፊተኛው ማኪና የታኮ መብራት ከበራ ኩርባ ላይ ቆሟል፣ ወደኋላ ሊመለስ ነው፣ ሰው ከጎማው ሥር አለ ማለት ነው። የኋለኛው ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ጠፋ ማለት «አለፍሁ፣ ና» ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ክረምት፣ ከቀትር በኋላ፣ ጉሙ ከታች እንደ ወተት ገንፍሎ መንገዱን ዋጠው። እኔ ከፊት ነኝ። ከኔ ኋላ ደሴ ነው፣ ስኳርና አቡጀዴ ጭኖ። ደሴና እኔ ከአንድ ትሪ የምንበላ፣ ጎማ የምንበዳደር ጓደኛሞች ነበርን። ያኔ ሊማሊሞ ሽፍታ አያጣም፤ ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንወርዳለን። ጉም ሲሆን እንደ ወጉ ትንሹን መብራት፣ ከፊትም ከኋላም በየጥጉ ደብዝዞ የሚበራውን፣ አብርቼ፣ አያ አዳነ አጠገቤ እያንጎራጎረ፣ ቀስ እያልሁ ወረድሁ። አንድ ቦታ ከላይ የደሴን ጡሩምባ ሰማሁ። ሊማሊሞ ላይ ጡሩምባ የሰማ ሰው መልሶ ይነፋል፤ «አለሁ» ለማለት ነው። መልሼ ነፋሁ። ዛሪማ ገባሁና ሻይ አዝዤ ደሴን ጠበቅሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አዘዝሁ፤ እሱም ቀዘቀዘ። ደሴ የመጣው በሰው ማኪና ተጭኖ፣ እግሩ በሻርፕ ተጠምጥሞ ነው። ከሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመና በሾፌር ሁሉ ፊት፣

«ፋኖስህን ለማን ነው ያበራኸው?» አለኝ።

«የምን ፋኖስ?»

«የኋላህን ነዋ! ኩርባው ላይ የቆምህ መስሎኝ ቆምሁልህ። አንተ ለካ መንገድህን ትሄዳለህ። ሽፍቶቹ ጉሙ ውስጥ ተቀምጠው እኔ እስክቆም ነበር የሚጠብቁት፤ እግሬን መትተው ጭነቴን ወሰዱት። ጡሩምባ ብነፋ ጭራሽ መለስህልኝ! ለኔ ነው ለነሱ?»

«ደሴ፣ እኔ አላበራሁም።»

«ታዲያ ማን አበራው? ቅዱስ ገብርኤል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን የሳቅ ሳቅ አልነበረም። ጎትቼ ወስጄ ማብሪያውን አሳየሁት፤ ወደ ታች ነው፣ ጠፍቷል። «ማጥፋትማ እጅህ ላይ ነው» አለኝ። ዞረን ኋላውን አየን፤ መብራቱ ጠፍቷል። አበራሁት፣ በራ። አጠፋሁት፣ ጠፋ። ምንም አልሆነም። ይኸው ጤነኛነቱ እኔን ወንጀለኛ አደረገኝ። በነጋታው በንዴት ከነማቀፊያው ፈትቼ ገደል ወረወርሁት። እሱ ደግሞ የባሰ ሆነ። «ምስክሩን ገደለው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ፋኖስ ሆነ። የወጣልኝ ስም ውብሸት ነው፤ ይህን የሚያውቅ ግን ዛሬም ጥቂት ሰው ነው፤ የዕድር ዳኛው ሳይቀር «አያ ፋኖስ» ነው የሚለኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው። ማንም አልከሰሰኝም፤ የሚከሰኝበት ነገርስ ምን አለው? ደባርቅ ከሾፌሮች ትሪ ጋር ስቀመጥ ግን አንዱ «ጠግቤያለሁ» ይላል፣ ሌላው እጁን ሊታጠብ ይነሳል፤ ትሪው ለብቻዬ ይቀራል። አንድ ቀን እዚያው ምግብ ቤት አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደኔ ዞረና፣

ከፊት ያለው አምፖል መንገድ ያሳያል፣
የኋላው አምፖሉ ለማን ይታያል?

ብሎ ለቀቀው። ሰው ሁሉ «ድገመው! ድገመው!» አለ። እኔም ሸለምሁት፤ ካልሸለምሁት የባሰ እውነት ይመስላል ብዬ ነው። ያን ለት ምሳዬን አልጨረስሁም፤ ከዚያ በኋላም ደባርቅ ላይ ከማኪናዬ ሳልወርድ ዳቦዬን እየቆረጥሁ ማለፍ ጀመርሁ።

መጠርጠር ከዚያ በኋላ በኔ በኩል ጀመረ። አያ አዳነ አብርቶት ይሆን? አጠገቤ ተቀምጦ በምን እጁ? ኤሌትሪሺያኑ ነገር አድርጎበት ይሆን? ደሴ ራሱ ስኳሩን ሸጦ፣ እግሩን ድንጋይ መትቶት ይሆን? ይህን ሁሉ ሌት ተቀን አወጣሁ አወረድሁ። ደሴ ግን እግሩ እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄደው። አያ አዳነም ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ የሚለው አንድ ነገር ነበር። «ውብሸት፣ የማይታይ ነገር አለ» ይለኛል። እኔ የቄስ ወሬ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ምርመራው ጊቢ ልመለስ። የስንዱ ማኪናም ከኋላው ነጭ መብራት አለው፤ መካነ ብርሃን ሄዳ ድንች ስትጭን ለጫኞቹ እንዲያበራ ያስገጠመችው ነው። እኔ መክሬያት ነበር። «የኋላ መብራት ይቅርብሽ፣ ጠላት ያፈራል» ብያት ነበር። አልሰማችኝም። ተራችን ደረሰና መርማሪው መጣ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ድምፁ ዝግ ያለ ባለሥልጣን አልወድም። የሚጮኸው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ስንዱን ሞተር አስነሺ፣ ትንሹን መብራት አብሪ አላት፤ ሁለት ሰዎች ከኋላ ሆነው ማኪናዋን ያወዛውዟት ጀመር። በዚህ መሐል ከኋላ፣

«የሥራ መብራቱን አጥፊው!» የሚል ድምፅ መጣ።

«አላበራሁም!» አለች ስንዱ።

ማብሪያውን አየሁት፤ ጉልበቴ አጠገብ ነው፣ ወደ ታች ነው፣ ጠፍቷል። ጋቢዬ በሩ ላይ እየተያዘብኝ ወርጄ ወደኋላ ሄድሁ። መብራቱ በርቷል። መጀመሪያ ያሰብሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰውዬው በሆነ ነገር አብርቶት ነው የሚል ነው። እጁን አየሁ፣ ባዶ ነው። የሁለቱን ሰዎች እጅ አየሁ፣ ሳጥኑን ይዟል። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። አሁን ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ፤ «ታዲያ ማን አበራው?» ሊላት ነው ብዬ ጠበቅሁ። መርማሪው መነጽሩን ከፍ አደረገና፣

«እሷማ አላበራችም፣ አባቴ። ሽቦው ነው» አለኝ።

«ምን አልህ?»

«የዚህ መብራት ሽቦና የትንሹ መብራት ሽቦ አብረው ታስረው ልጣቸው አልቋል። ትንሹ መብራት በርቶ ማኪናዋ ስትናወጥ ይነካካሉ፣ ይበራል። ስትቆም ይለያያሉ፣ ይጠፋል። ሾፌሯ በምን ታውቃለች?»

ይህን እንዲህ፣ እንደ ዋዛ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ ነው የሚናገረው። እኔ ይህን ቃል ስጠብቅ ጥርሴ አልቋል። ጉም ነበር፤ ትንሹን መብራት አብርቼ ነበር፤ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ ዛሪማ ደርሼ ስቆም ጠፋ። አያ አዳነ ያለው የማይታይ ነገር አንድ ስንዝር የተላጠ ሽቦ ኖሯል።

መርማሪው ቦሎውን ግን አልሰጠንም። ይህ መብራት ለሥራ ነው፣ ለመጫን፣ ለማውረድ፣ ጎማ ለመቀየር፤ ማኪናው መንገድ ላይ እየተነዳ ሊበራ አይገባም አለ። የኋለኛውን ሰው ዓይን ይወጋል፣ ያሳስታል። የራሱ ሽቦና የራሱ ማብሪያ ይኑረው፤ በዚያ ላይ እሱ በበራ ቁጥር ሾፌሯ ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል ትብራ።

«ይህን ያልኸው አንተ ነህ?» አልሁት።

«እኔ አይደለሁም። የዓለም አገሮች ተቀምጠው የተስማሙበት ደንብ ነው። እኛም ወደዚያ እየሄድን ነው።»

«የዓለም አገሮች ስለኛ ኋላ ምን አገባቸው?»

«አባዬ!» አለች ስንዱ።

«ተይኝ ልጠይቅ። ቀይዋ አምፖል ለምንድን ነው?»

«ሾፌር ኋላውን አያይማ» አለ መርማሪው። «ሳያበራው ቢበራበት የሚነግረው የለም። እሷ ትንገረው ተብሎ ነው።»

ወደ ማኪናው ተመልሼ ተቀመጥሁ። አስቡት እስቲ፤ ሊማሊሞን አይተውት የማያውቁ፣ ደሴንም እኔንም የማያውቁ ሰዎች፣ የት እንደሆነ የማላውቀው አገር፣ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው «ሳያውቀው የበራበት ሾፌር ይኖራል» ብለዋል። ዝም ብሎ አይባልም ይህ። በየአገሩ ሳያውቀው የበራበት፣ «አላበራሁም» ሲል የሳቁበት ስንት ሰው ቢኖር ነው ደንብ እስኪሆን የደረሰው? ደስ አለኝ። ቆይቼ ደግሞ ጠረጠርሁ። ይህን ካወቁ ምነው እስካሁን ዝም አሉ? ምነው እኔ በጉርምስናዬ ሳለሁ አልደረሰም? ደግሞስ አምፖሏን የሚሸጠው ማን ነው? ከጊቢው በር ማዶ «የመኪና ኤሌትሪክ» የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ። ስንዱ ሽቦውን ልታስለይ እዚያ ስትወስደኝ ኤሌትሪሺያኑን ሳየው አፍንጫው የመርማሪውን አፍንጫ መሰለኝ።

«መርማሪው ወንድምህ ነው?» አልሁት።

ሰውዬው ሽቦውን በጥርሱ እየላጠ ሳቀ። «የኔን ባጃጅ ሦስት ጊዜ የመለሰ ወንድም ካለ እንግዲህ ወንድሜ ነው» አለኝ።

ስንዱ ሽቦው ተለይቶ፣ አምፖሏ ተገጥማ፣ ቦሎዋን ለጥፋ ተገላገልሁ ስትል እኔ ሌላ ነገር ጀመርሁ። ደሴ ዛሬ አራዳ ነው የሚውል፣ ልጁ ከከፈተው የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ፣ ወንበር አውጥቶ። ከዛሪማው ቀን ወዲህ ለቅሶ ቤት ካልሆነ በቀር ጎን ለጎን አልተቀመጥንም። እዚያም ቢሆን «እንዴት ዋልህ ፋኖስ» ይለኛል፣ «እግዜር ይመስገን» እለዋለሁ፣ አለቀ። በዚህ ዓመት ሁለት ለቅሶ ላይ አላየሁትም፤ ታሟል አሉ። ሳንነጋገር አንዳችን ብንሞት ነገሩ እንደታሰረ ይቀራል። ሄጄ ላሳየው ብዬ ተነሳሁ፤ ስንዱ ግን አልወደደችውም።

«አሁን ምን ያደርግልሃል፣ አባዬ? ሰውዬው አርጅቷል።»

«እኔስ አላረጀሁም?»

«ባያምንህስ?»

«እሱን ነው የምፈራው» አልኋት። እውነቴን ነው። ሳይሄዱ መቅረት ይሻል ይሆን ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። ሰው ሁሉ ሲጠረጥርህ ይለመዳል፤ ማስረጃ ይዘህ ሄደህ ካላመነህ ግን ሌላ የሚቀርህ ነገር የለም። በመጨረሻ፣ «ባዶ ማኪና ይዘሽ አይዶለም» አልኋት፤ «ድንችሽን ጭነሽ፣ ሸራ አልብሰሽ፣ ያኔ እንደነበረው ሆነሽ ስትመለሺ ውሰጂኝ።»

መካነ ብርሃን ደርሳ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ ወጣሁና አራዳ ገባን። ደሴ እንደወትሮው ወንበሩ ላይ ነው። ኮት ለብሷል፣ ባለአራት ኪስ፤ እንደዚያ ያለ ኮት ዛሬ የሚለብስ ሰው አይቼ አላውቅም። ፊቱ ከስቷል።

«ፋኖስ» አለኝ። «ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ና ውጣ፣ ማኪና ላይ።»

«የት ልትወስደኝ?»

«የትም አልወስድህም፤ እዚሁ ቆማ ነው።»

ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሳይበት የኖርሁት አስተያየት ይኸ ነው፤ በሌላ ሰው ፊት ላይ ሳየው ደነገጥሁ። «ልጄ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ያየናል» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። ከዚያ ከዘራውን ለስንዱ አቀብሎ፣ ደህናውን እግሩን አስቀድሞ ወጣ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁ ሳያስበው መሪው ላይ አረፈ።

እኔም በወዲያኛው በር ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥሁና አውራ ጣቴን ቀይዋ አምፖል ላይ ጫንሁ። ስንዱን በኔ በኩል ባለው መስኮት ዓይን ዓይኗን አየኋት፤ እጇን አስገብታ ማብሪያውን ነካች።

«ደሴ» አልሁት፣ «የታኮው መብራት በርቷል ወይስ ጠፍቷል?»

«የቱ?»

«የኋላዋ። በርቷል ጠፍቷል?»

ደሴ የግራውን መስታወት አየ፤ ሸራና የሰው ትከሻ ነው። የቀኙን አየ፤ የሱቅ ግድግዳ ነው። አንገቱን በመስኮት አወጣ፣ ዞር አለ፤ የድንቹ ጭነት ተቆልሎ ሰማይ ነው የሚያየው። ተመልሶ ተቀመጠ። ጆሮውን እንኳን ቀሰረ፣ መብራት የሚሰማ ይመስል።

«ጠፍቷል» አለ።

አውራ ጣቴን አነሳሁ። ቀይዋ አምፖል ፊቱ ላይ ፍም መስላ በርታለች።

አየኝ። አምፖሏን አየ። ወርዶ፣ እያነከሰ፣ የማኪናዋን ጎን እየዳሰሰ ወደኋላ ሄደ። እኔም ተከተልሁት። መብራቱ በርቷል። መዳፉን ከፊቱ ዘረጋ፣ እንደሚሞቅ ሰው። ስለ ሽቦው ነገርሁት፣ ስለ ጉሙና ስለ ትንሹ መብራት ነገርሁት፣ መርማሪው ያለውን ነገርሁት። አላቋረጠኝም።

«ጡሩምባዬን ሰምተሃል?» አለኝ ስጨርስ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን መለስህልኝ?»

«ሊማሊሞ ላይ ጡሩምባ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል፣ ደሴ?»

ከንፈሩን ነከሰ። «ይመልሳል» አለ በመጨረሻ። «እኔም ብሆን እመልስ ነበር።» ከዚያ ከዘራውን ከስንዱ ተቀብሎ መሬቱን መታ መታ አደረገና «እኔን እኮ ያቃጠለኝ ስኳሩ አልነበረም» አለ። «ከአንድ ትሪ የበላሁት ሰው ከዳኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አልሁት። ጉንጬን ሳመኝ፣ እኔም ሳምሁት፤ የኮቱ ሽታ ያው የድሮው ነው፣ ናፍጣና ትምባሆ። የካፖርቴ ቁልፍ ትዝ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፖሊስ ማኪናዋን አንሺ ብሎ ፊሽካ ነፋባትና ስንዱ ተቻኩላ ወጣች፤ እኔም አጠገቧ። ማብሪያውን ወደ ታች አደረገችው፣ ሞተር አስነሳች። በዚህ ጊዜ ከኋላችን ያ ገደል ለገደል ስንጠራራ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ ሰውዬው ቢከሳም ድምፁ አልከሳም።

«ጠፍቷል! ሂድ፣ ውብሸት!»

ስንዱ ዓይኗን ወደ ቀይዋ አምፖል ልትወረውር ስትል መዳፌን አምፖሏ ላይ ጣል አደረግሁ።

«ጠፍቷል ተብለሻል፤ ሂጂ» አልኋት።

እስከ ፒያሳ ድረስ መዳፌን አላነሳሁም። ከፒያሳ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ከፈት አድርጌ አየኋት። ጠፍታለች።